የፖስት ካርዱ ሰዎች፦ ከአንድ የባሕር ዳርቻ ሥዕል ጀርባ ማን አለ?

መቶ ዓመት ያለፈው ፖስት ካርድ እጃችን ቢገባ አብዛኞቻችን የምናየው ፊቱን ነው። ባሕሩን፣ መርከቡን፣ ጥላ ይዘው የሚንሸራሸሩትን ሴቶች አየት አድርገን "ደግ ዘመን ነበር" ብለን እናስቀምጠዋለን። የታሪክ ተማሪ ግን መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይኖርበታል። በአንድ ካርድ ላይ ቢያንስ አራት ሰዎች አሉ፤ የላከው፣ የተላከለት፣ ፎቶውን ያነሣውና በፎቶው ውስጥ የሚታየው። አራቱ ታዲያ እኩል አይገኙም። የተቀባዩ ስምና አድራሻ በግልጽ ተጽፏል። ላኪው ብዙ ጊዜ በአንዲት ፊደል ፈርሞ ያልፋል። ፎቶ አንሺው ካርዱን ባሳተመው ድርጅት ስም ይሸፈናል። ካርዱ በመልኩ የተሸጠለት ሰው ደግሞ፣ ማለትም በሥዕሉ ውስጥ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ ስም የለውም።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ይፈለጋሉ? ለምንስ አንዱ ተገኝቶ ሌላው ይጠፋል? በቅድሚያ የባሕር ዳርቻ ካርድ ልማድ የገነነበትን እንግሊዝን እንይና ከዚያ ወደራሳችን አካባቢ፣ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ ወደ ምጽዋ እንመለሳለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ፖስት ካርድ በኦስትሪያ በ1869 ወጣ፤ እንግሊዝ በ1870 ተከተለች። ያኔ ካርዱ ሥዕል የሌለው ባዶ ወረቀት ነበር። የግል አሳታሚዎች ባለሥዕል ካርድ አትመው በግማሽ ፔኒ ቴምብር እንዲላክ የተፈቀደው በ1894 ነው። የደብዳቤ መላኪያ አንድ ፔኒ ስለነበር ካርድ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው የፋብሪካ ሠራተኛው ለዕረፍት መውጣት በለመደበት ዘመን ነው። በላንካሺር የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች፣ እነ ኦልድሃምና ቦልተን፣ በሞቃቱ ወቅት እያንዳንዱ ከተማ በየተራው ፋብሪካውን ይዘጋና ጎረቤትና ዘመድ ሳይቀር በባቡር ተጭኖ ብላክፑል ይወርዳል። እዚያ የደረሰ ሁሉ ደግሞ ካርድ ይልካል። በትልልቅ ከተሞች ፖስታ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚታደል ጠዋት "ማታ እመጣለሁ" ብሎ ጽፎ መላክ ይቻል ነበር። የዚያ ዘመን የሞባይል መልእክት ልንለው እንችላለን፤ አጭር፣ ርካሽ፣ በግድየለሽነት የተጻፈ። ለተመራማሪ የሚጠቅመውም ይሄው ግድየለሽነቱ ነው፤ ማንም ለታሪክ ብሎ አልጻፈውም።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ካርድ እናስብ። የአንድ የታወቀ ሰው ካርድ አይደለም፤ ይህን የሚመስሉ እጅግ ብዙ ስላሉ ጠባያቸውን አንድ ላይ አድርጌ ነው የማቀርበው። ፊቱ ላይ የብላክፑል ማማና በአጠገቡ አንድ ግዙፍ የመዝናኛ መንኮራኩር ይታያል። ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። በቀኝ በኩል አረንጓዴ የግማሽ ፔኒ ቴምብር፣ ከሥሩ "ሚስ" የሚል ማዕረግ የቀደመው የሴት ስም፣ በኦልድሃም የሚገኝ መንገድና የቤት ቁጥር። በግራ በኩል በሰላም መግባታቸውን፣ ነፋሱ መበርታቱን፣ ቅዳሜ ማታ እንደሚመለሱ የሚናገሩ ሁለት ሦስት መስመሮች። ፊርማው "ኤ" ብቻ። በቃ። ከዚህ ምን ሊገኝ?

በመጀመሪያ ጊዜው። እንግሊዝ የካርድን ጀርባ ለአድራሻና ለመልእክት ለሁለት መክፈልን የፈቀደችው በ1902 ነው። ፈረንሳይ በ1903፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907 ተከተሉ። ከዚያ በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ስለነበር ሰው ሰላምታውን ሥዕሉ ጠርዝ ላይ አጨናንቆ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ የእኛ ካርድ ከ1902 አይቀድምም። ቴምብሩ ላይ ያለው ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ከሆነ ከ1902 በኋላ፣ ጆርጅ አምስተኛ ከሆነ ከ1911 በኋላ ነው። ዋጋውም ይናገራል። ግማሽ ፔኒው እስከ 1918 ቆይቶ አንድ ፔኒ ሆነ፤ በ1921 ወደ አንድ ፔኒ ተኩል ዘለለና በዓመቱ ተመልሶ ወረደ። አንድ ፔኒ ተኩል የተከፈለበት የአገር ውስጥ ካርድ እንግዲህ የዚያች የአንድ ዓመት ልጅ ነው። ቴምብር ሰብሳቢ ልጦት ከሄደም ተስፋ አይቆረጥም፤ የፖስታ ማኅተሙ ግማሽ አካል ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ በማጉያ መነጽር ቀኑን መልቀም ይቻላል።

ሥዕሉም የራሱ ቀን አለው፤ ከማኅተሙ ቀን ጋር ግን አንድ ላይሆን ይችላል። የብላክፑል ማማ የተከፈተው በ1894፣ መንኮራኩሩ ደግሞ በ1896 ሲሆን መንኮራኩሩ በ1928 ፈረሰ። ፎቶው በእነዚህ መካከል ተነሥቷል ማለት ነው። ሱቆች ያልተሸጠ ካርድ አይጥሉም፤ አሳታሚም ጥሩ የሸጠለትን ፎቶ ዓመታት ያትመዋል። ማኅተሙ 1912 ስላለ በፎቶው ውስጥ ያለችው ሕፃን በ1912 ሕፃን ነበረች ማለት አይደለም። ይሄ ነገር ወደ ምጽዋ ስንመጣ ይብስብናል።

ቀጥሎ ተቀባይዋ። በእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ ዝርዝሩ በተለምዶ መቶ ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ለሕዝብ ይከፈታል። ለእኛ ካርድ የሚቀርቡት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ናቸው። የሚፈለገው ስሙን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ነው። መንገዱንና የቤት ቁጥሩን ይዘን ስንገባ አባት፣ እናት፣ ወንድምና እኅት፣ ዕድሜያቸው፣ የተወለዱበት ቦታ፣ ሥራቸው ተዘርዝሮ ይጠብቀናል። የ1911ዱ ከሁሉም ይጣፍጣል። ቅጹን የሞላው የቤቱ ኃላፊ ራሱ ነው፣ ያ በእጁ የሞላው ወረቀትም ተጠብቆ ደርሶናል። ስለዚህ የካርዱን የእጅ ጽሑፍ ከቅጹ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይቻላል። ያገባች ሴት ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለደች፣ ከእነሱ ስንቱ እንደሞተ ሳይቀር ይጠየቅ ነበር። "ነፋሱ በርትቷል" የሚል ተራ ካርድ ይዞ የጀመረ ሰው ድንገት የአንዲትን እናት ሐዘን በቁጥር ሲያነብ ይውላል።

ጥንቃቄም ያሻል። ወጣቷ በተጻፈው አድራሻ የምትኖረው የቤት ሠራተኛ ሆና ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የቤቱ ስም ከእሷ ስም ጋር አይገጥምም። ሌላው ችግር ጋብቻ ነው። እንግሊዛዊት ስታገባ በተለምዶ የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለችና "ሚስ" ተብላ የተጠራችው በሚቀጥለው ቆጠራ ከዓይን ትሰወራለች። መውጫው ከ1837 ጀምሮ የተያዘው የጋብቻ መዝገብ ነው፤ የሙሽሪትም የሙሽራውም አባት ስምና ሥራ እዚያ ላይ ይገኛል።

"ኤ" ማን ነው/ማን ናት? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ቤተሰቡ ውስጥ በ"ኤ" የሚጀምር ስም ያላት እኅት ሲያገኙ "አገኘኋት!" ብለው ይዘጋሉ። ግን ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ እጮኛም በ"ኤ" ሊፈርም ይችላል። እኅት ናት የምንለው ሌላ ነገር ሲደግፈው ነው፤ ለምሳሌ በመልእክቱ ውስጥ "እናታችን" የሚል ቃል ካለ፣ ወይም በዚያው እጅ የተጻፈ ሁለተኛ ካርድ ከተገኘ። ካልተገኘ "ምናልባት" ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም።

መዝገብ ሞልቷል በሚባልበት አገርም ቢሆን ቀዳዳ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሰለፉ የእንግሊዝ ወታደሮች የአገልግሎት መዝገብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በ1940 በሎንዶን የቦምብ ድብደባ ተቃጥሏል። የ1931 የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ በ1942 በእሳት ጠፋ፤ በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተደረገም። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው በመስከረም 1939 የተደረገው ምዝገባ ነው። የ1921ዱ ቆጠራ በ2022 ለሕዝብ ተከፍቷል፤ እሱም የራሱ ጉድ አለው። በሠራተኞች አድማ የተነሣ ወደ ሰኔ ተገፍቶ ስለነበር የዕረፍት ወቅት ገባበት፤ ሰው የሚቆጠረው ደግሞ በዚያች ሌሊት ባደረበት ቦታ ነው። ብላክፑልን የመሰሉ ከተሞች በእንግዳ አብጠው ተመዘገቡ። የኦልድሃሟን ልጅ ቤቷ ያጣት ሰው ባሕር ዳር ባለ ማረፊያ ቤት ሊያገኛት ይችላል!

ፎቶ አንሺውን መፈለግ የሚጀምረው በካርዱ ጥግ ካለችው ትንሽ ቁጥር ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ለእያንዳንዱ ሥዕል ቁጥር ይሰጡ ነበር። የስኮትላንዱ የቫለንታይን ድርጅት ስብስብ ዛሬ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገኝ ቁጥሩን ይዞ ሥዕሉ መቼ እንደተመዘገበ ማጣራት ይቻላል። ለሌሎቹ ግን ዕድል ጠባብ ነው፤ ለምሳሌ የራፋኤል ታክ ድርጅት ሕንፃ በታኅሣሥ 1940 በሎንዶን ሲወድም የድርጅቱ ሰነዶችም አብረው ጠፍተዋል።

በሥዕሉ ውስጥ የሚንሸራሸሩትስ? ለእነሱ መንገዱ ያልቃል። እነሱም እንግሊዛውያን ናቸው፣ ስማቸው ቆጠራው ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ አለ፤ ፊታቸውን ከስማቸው ጋር የሚያገናኝ ክር ግን የለም። የሚተርፉት በባሕር ዳር ፎቶ ቤት ገብተው የራሳቸውን ምስል በፖስት ካርድ ወረቀት ያሳተሙ ናቸው፤ ከእነሱም ከጀርባው ስም የተጻፈላቸው ብቻ።

አሁን ወደ ምጽዋ። ጣሊያን ወደቧን በ1885 ያዘች፤ በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛት ብላ አወጀች። በወደቧ ወታደር፣ ነጋዴ፣ መንገደኛ ይመላለሳል፤ ሁሉም አገሩ ላለ ሰው ካርድ ይልካል። ፎቶ አንሺዎችም አብረው መጡ። ከታወቁት አንዱ ሉዊጂ ናሬቲ ነው፤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በአናጢነት ያገለገለው የጃኮሞ ናሬቲ ዘመድ። ከላይ የተማርነውን ዘዴ እዚህም መሞከር ይቻላል። ከ1893 ጀምሮ በቅኝ ግዛቱ የሚሸጠው የጣሊያን ቴምብር "ኮሎኒያ ኤሪትሪያ" የሚል ጽሑፍ ይታተምበት ነበር። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ምጽዋን ክፉኛ ስለጎዳት የሕንፃዎቹ ሁኔታ ፎቶው ከዚያ በፊት ወይስ በኋላ መነሣቱን ይጠቁማል። ከመሀል አገር በጅቡቲ በኩል የሄደ ካርድ ከሆነ ደግሞ ቴምብሩን ልብ ይሏል፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ስለሆነ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ፖስታ ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ የፈረንሳዮቹን የጅቡቲ ቴምብር ይፈልግ ነበር።

ላኪው ጣሊያናዊ ወታደር ቢሆን ይገኛል። የተወለደበት ከተማ የልደት መዝገብ አለ፤ ለውትድርና የተመለመለበት ዝርዝርና የአገልግሎት ታሪኩ በየክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። እናቱም ተቀባይ ሆና አድራሻዋ ተጽፏል። በካርዱ ፊት ላይ ያለችው ሴት ግን? ከሥሯ የተጻፈው "አቢሲኒያዊት ሴት" ወይም "የአገሬው ዓይነት" ነው። የአንድ ሰው ፊት የአንድ ዓይነት ናሙና ሆኖ ቀረበ። በብላክፑል ካርድ ላይ ያለችው መንገደኛ ስሟ የጠፋው ማንም ስላልጠየቃት ነው፤ የምጽዋዋ ግን ፎቶ ቤት ተቀምጣ፣ መብራት ተስተካክሎላት፣ ምናልባትም ልብስና ጌጥ ተሰጥቷት የተነሣች ናት። ፎቶ አንሺው ስሟን ሊጠይቃት ይችል ነበር። ለገበያው ግን ስም አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያንኑ ፎቶ ነገ በሌላ ነገድ ስም ለመሸጥ ስም አለመኖሩ ይመቻል። በቅኝ ግዛት ካርዶች ዘንድ አንድ ፎቶ በተለያየ መግለጫ ተደጋግሞ መታተሙ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ ማስረጃ የሚሆነው ስለ ሻጩ እንጂ ስለ ሴትዮዋ አይደለም።

ታዲያ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው? አይደለም። አንደኛ፣ የዚያኑ ፎቶ ሌሎች ቅጂዎች መሰብሰብ ነው። በካርዱ ላይ የሌለ ስም በአንድ ወታደር አልበም ላይ በእርሳስ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ ምስሉን በራሳችን ዓይን ማንበብ። ሹሩባው የየት አገር አሠራር ነው? አንገቷ ላይ ማተብ አለ? የጣሊያን አሳታሚ የማያየውን ነገር የአገሩ ሰው ወዲያው ያየዋል። እዚህም ላይ ግን ጌጡ የፎቶ ቤቱ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ምልክት ብቻ አገሯን መወሰን አይገባም፤ ሦስት ፎቶዎች ላይ ሦስት ሴቶች አንድ ዓይነት ድሪ ካደረጉ ድሪው የማን እንደሆነ መጠርጠር ነው።

ሌላው መንገድ የሚሲዮን መዝገብ ነው። ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ተማሪዎቹን በስም ያውቃቸው ነበር። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ እንዲሁም በ1886 ወደ ዓረብ አገር ከምትጓዝ ጀልባ ላይ ጣሊያኖች ያስለቀቋት አስቴር ጋኖ በዚያ ትምህርት ቤት አለፉ። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሁለቱም ሥራ አለበት። በዚያው ወደብ፣ በዚያው ዘመን፣ አንዷ ልጅ ስሟ ተጽፎ ለታሪክ ስትደርስ ሌላዋ "ዓይነት" ተብላ ቀረች። ልዩነቱ በልጆቹ ዘንድ አልነበረም፤ ብዕሩን የያዘው ሰው ምን ብሎ እንደጠየቃቸው ነው።

አንድ የማልስማማበትን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከእነዚህ ካርዶች ብዙዎቹ ሴቶችን አራቁተው የሚያሳዩ ናቸው። "ታሪክ ነው" እየተባለ መጽሔት ላይ እንደገና ሲታተሙ ይታያል። በእኔ አስተያየት ሴትዮዋ ያኔ መፍቀድ አለመፍቀዷ ካልታወቀ ዛሬ ለገጽ ማስዋቢያ ማዋሉ ያንኑ ሽያጭ መቀጠል ነው፤ ስለ ካርዱ መጻፍ የግድ ካርዱን ማሳየት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ያለ በቂ ማስረጃ "ይህች የእገሌ ቅድመ አያት ናት" ማለትም ቀላል ነገር አይደለም፤ በሕይወት ያለ ቤተሰብ ላይ ያርፋል።

ከዚያ ወዲህ ላለው ዘመን ነገሩ ይለወጣል። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ሲቋቋም ብዙ ወጣት ከመሀል አገር ወደ ባሕሩ ወረደ። መምህሩም፣ ሾፌሩም፣ ነጋዴውም ቀይ ባሕር ዳር ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ ለቤተሰቡ ላከ። እነዚህን ፎቶዎች በየሰዉ ቤት አልበም ውስጥ እናገኛቸዋለን፤ ከጀርባቸው "ለማስታወሻ" ተብሎ፣ ለማን እንደተሰጠና መቼ እንደሆነ ተጽፎባቸው። እዚህ ላኪውና በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ነው! የቤተሰብ ስም ባለመኖሩ የአያት ስም ካልታወቀ ፍለጋው ይከብዳል፤ ሴቷ ግን ብታገባም የአባቷን ስም ስለማትለውጥ እንደ እንግሊዟ "ሚስ" አትሰወርም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑንም መዘንጋት የለበትም፤ 1955 የተባለውን ሳያስተውሉ የፈረንጅ አድርጎ መያዝ ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስታል።

ለዚህ ትውልድ ቤተ መዛግብቱ የቤታችን አዛውንት ናቸው። ፎቶውን ይዞ የሚጠይቅ ተማሪ ሁለቱንም ገጽ ስካን ያድርግ፤ በፎቶው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ የነገረውን ሰውና የነገረበትን ቀን በማስታወሻው ይያዝ፤ "አየሁ" የተባለውንና "ሲሉ ሰማሁ" የተባለውን አይቀላቅል። ስንጠይቅም "ይሄ ማነው?" ብሎ ከመጀመር "ማን አነሣችሁ?" ማለቱ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ስም አስገኝቶ ያበቃል። ሁለተኛው ግን ፎቶ አንሺው ማን እንደነበር፣ ፎቶ ቤቱ የት እንደነበር፣ ስንት እንደተከፈለ፣ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ማን ቆሞ ይስቅ እንደነበር ያመጣል።